አስካለና የብሳናው ትል

ያን ዕለት ከኪዳነ ምሕረት በታች ባለው የብሳና ደን የነበርነው እነዚህ ነን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ይስማው ከትልቁ ብሳና ሥር ጥላው ውስጥ ቆሟል። ከወረዳ የመጣው ሰው ከእሱ አጠገብ ነው፤ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ወጥቷል። የግብርና ሠራተኛው ዳኘው የመድኃኒት መርጫውን አዝሎ ከሁለቱ ኋላ ነው። የንቦቹ ባለቤት ቄሰ ገበዝ ውቤ፣ ቀፎዎቻቸው ከተሰቀሉበት ዛፍ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ገበሬዎቹ በአጥሩ በኩል ተሰልፈዋል፤ ሴቶቹ ከእነሱ ራቅ ብለው ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርሁ። መካከል ላይ፣ ማንም ሊቆምበት ባልፈለገው ገላጣ ቦታ፣ መምህርት አስካለ ብቻዋን ቆማለች። በመዳፏ ላይ አንድ ጥቁር ትል ይሄዳል።

አስካለ በቅርቡ ዱርቤቴ ላይ አረፈች። ይህን የነገረችኝ ሊበን ከተማ የምትኖረው የእህቷ ልጅ ናት፤ ለጉዳይ ወደ ፍኖተ ሰላም መጥታ ቤቴ ጎራ አለች። ቀብሩ ደህና ሰው እንደነበረበት፣ ብዙ የድሮ ተማሪዎቿ እንደመጡ አጫወተችኝ። ከመጡት አንዱ ዳኘው ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ተነሥቶ ንግግር አደረገ አለችኝ፤ «እውነት መናገርን ያስተማረችኝ እሷ ናት» ብሎ አለቀሰ አለችኝ።

«እንዴት ያለ አንጀት ያለው ሰው ነው፣ እትዬ ጥሩወርቅ» አለች ልጅቷ።

ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ያን ጊዜ አልተወለደችም። ምሳዋን አብልቼ ሸኘኋት። ከሸኘኋት በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ከአስካለ ጋር የተዋወቅነው ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንሠራ ነው። እሷ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ እኔ የጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነኝ። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ «እትዬ» እላት ነበር። «እትዬ የሚሉሽ የቤት ሠራተኛ ሲፈልጉ ነው፤ አስካለ በይኝ» አለችኝና አስካለ ሆነች። ቀጭን፣ ፊቷ የጠቆረ፣ ፈጥና የምትራመድ ሴት ነበረች። አላገባችም። በበጋም ጃንጥላ ትይዛለች፤ ለፀሐይ አይደለም፣ በጫፉ ቅጠል ታገላብጥበታለች። ጠመኔ የነካ እጇን በነጠላዋ የውስጥ ጥለት የመጥረግ ልማድ ነበራት፤ በዚህም ምክንያት ነጠላዎቿ ሁሉ አንድ ጎናቸው ነጭ፣ አንድ ጎናቸው ነጭ አቧራ ነበሩ።

ሰው ስለ ምንም ነገር አሳብ ሲሰጥ «እስኪ እንየው» ትላለች። ዳይሬክተሩ ጣሪያው ያፈሳል ሲሉ «እስኪ እንየው» ብላ መሰላል ትወጣለች። እኔ የቢሮው ቁልፍ ጠፋ ስል «እስኪ እንየው» ብላ ቦርሳዬን ትገለብጣለች፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ታገኘዋለች።

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚያስታውሷት በፈተናዋ ነው። ጥያቄውን የማያውቅ ተማሪ «አላውቅም» ብሎ ከጻፈ ግማሽ ነጥብ ትሰጣለች። ገምቶ ከተሳሳተ ግን ምንም የለም። ሌሎቹ መምህራን ሳቁባት። ዳይሬክተሩም አንድ ቀን አስጠርተው «ወይዘሪት አስካለ፣ ላለማወቅ ነጥብ የሚሰጥ ትምህርት ቤት የት አይተሻል?» አሏት።

«ላለማወቅ አይደለም የምሰጠው» አለች። «ገምቶ የሚጽፍ ልጅ ነገ ነርስ ይሆናል። ያን ጊዜ እርስዎን ነው የሚወጋዎት።»

ዳይሬክተሩ ሳቁና ተዉአት።

ዳኘው ከእነዚያ ግማሽ ነጥብ ከሚለቅሙት አንዱ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። የፈተና ወረቀቱ ላይ «አላውቅም፣ አላውቅም» እያለ ይሞላ ነበር፤ አስካለ ግን ወደደችው። «ይህ ልጅ አይዋሽም» ትለኝ ነበር። የግብርና ሥልጠና ጨርሶ የገዛ ቀበሌያችን ውስጥ ሲመደብ ከወላጆቹ እኩል ነው የተደሰተችው።

እኔና አስካለ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቡሬ መንገድ በኩል፣ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች እስከ ወንዙ ድረስ የብሳና ደን አለ። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። የታቦት ነው ስለሚባል ቅርንጫፍ እንኳ የሚቆርጥበት አልነበረም። ብሳና ሲያብብ የቄሰ ገበዝ ውቤ ንቦች ዛፉን ይወርሱታል፤ ማሩ ነጭ ነው፤ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይሆናል።

በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ትሉ ደኑ ላይ ታየ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ጥቁር፣ በጀርባው ላይ ነጫጭ እሾህ የተሰለፈለት፣ በጎንና በጎኑ ቀያይ ነጥቦች ያሉት ትል ነው። በቡድን ሆኖ ቅጠሉን ይበላል፤ ሲበላ ከዛፉ ሥር የቆመ ሰው ድምፁን ይሰማዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ የዛፎቹ አናት ራቁቱን ቀረ።

ሰዉ ደነገጠ። በድንጋጤው አልፈርድም፤ ባለፈው ዓመት ተምች ገብቶ ዳጉሳውንና በቆሎውን ጨርሶታል። ልጆቹን ይዞ ወደ ዘመድ የተሰደደ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ቅጠል የሚበላ ትል ሲያዩ አንድ ስም ብቻ ነው የመጣላቸው። ቀሳውስቱ ምሕላ ያዙ። ይስማው ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ወረዳ ሄዶ «ተምች ገብቷል» ሲል ሪፖርት አደረገ። ጎረቤት ቀበሌ ባለፈው ዓመት ዘግይቶ ሪፖርት በማድረጉ ሊቀ መንበሩ ከሥልጣኑ ወርዷል፤ ይስማው እንደዚያ መሆን አልፈለገም። ወረዳውም አላመነታም፤ መድኃኒቱን ላከ፤ ዘመቻ ታወጀ፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ደግሞ የተምቹ መራቢያ እንዳይሆን ደኑ ይመንጠር ተባለ።

አስካለ ጃንጥላዋን ይዛ ወርዳ አየችው። አንዱን በቅጠል አንሥታ ወደ ቤቷ አመጣችው። ዳኘውን አስጠራችው። እኔም ነበርሁ።

«ተምች ነው እንዴ?» አለችው።

ዳኘው ጎንበስ ብሎ አየው። «አይመስለኝም፣ ቲቸር።»

«ተምች ሳር የሚበላ፣ ለስላሳ፣ ቀጭን ነገር ነው። አንተ ከእኔ ይልቅ አይተኸዋል። ይህ እሾሃም ነው። ከዛፍ አይወርድም። ከሥሩ ያለውን ገብስ አልነካም፤ ዛሬ ሄጄ አየሁት።»

«እኔም አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሪፖርቱ ሄዷል፣ ቲቸር።»

«ሪፖርቱ ሄደ ማለት ምን ማለት ነው? ትሉ እኮ እዚህ ነው።»

ዳኘው ትሉን በቅጠሉ ጫፍ አገላበጠው። ከዚያ «ምን እንደሆነ ቢታወቅ ጥሩ ነበር። ስሙ ማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለ።

«አላውቅም በላቸው። እኔም አላውቅም። ምን እንደሆነ ለማወቅ እስከሚለወጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ትል ብዙውን ጊዜ ወደ አፈር ገብቶ ይቀመጣል፤ ክረምት ሲቃረብ ይወጣል። ያን ጊዜ ክንፉን አይተን እንናገራለን። ዛፉም አይሞትም፤ ብሳና ቅጠሉን መልሶ ያወጣል። የምለምንህ እንዲጠብቁ ብቻ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ» ብሎ ሄደ። አልነገራቸውም።

የርጭቱ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ደኑ ውስጥ ተሰበሰብን፤ መጀመሪያ ላይ እንዳልሁት። ቄሰ ገበዝ ውቤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጆቼ፣ ከረጫችሁም ማታ ንቡ ሲገባ ርጩ። ቀን ነው የሚወጡት።»

«አባ፣ እንግዳው ማታ ድረስ አይቆዩም» አለ ይስማው። «የመጡት ዘመቻውን ሊያዩ ነው።»

የወረዳው ሰው ሰዓቱን አየ።

አስካለ ያን ጊዜ ነው ትሉን በመዳፏ ይዛ ወደ መካከል የገባችው። በሌላው እጇ የበቆሎ ቅጠል፣ የዳጉሳ ቅጠልና የጤፍ ነዶ ይዛለች። መሬት ላይ ዘረጋቻቸውና ትናንት ከዛፉ ያወረደቻቸውን ሌሎች ትሎች በላዩ ላይ አደረገች። ትሎቹ በበቆሎው ላይ ተንፏቀቁ፤ በዳጉሳው ላይ አለፉ፤ አንዱም አልበላም። ሁሉም ወደ ዛፉ ግንድ መሄድ ጀመሩ።

«ከትናንት ጀምሮ ምንም አልሰጠኋቸውም» አለች። «እንዲህ ተርበው እህላችሁን አልነኩም።»

ከገበሬዎቹ መካከል ጉምጉምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት ጠጋ ብለው «እውነትም አልቀመሱትም» አሉ።

«ጠግበው ነው» አለ ይስማው።

ሰዉ ሳቀ። በዚያ ሳቅ ነገሩ አለቀ። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

የወረዳው ሰው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ «መምህርት፣ ይህ ተምች አይደለም ይላሉ። ታዲያ ስሙ ማን ነው?» አለ።

«አላውቅም።»

«ስሙን የማያውቁትን ነገር እንዴት አይደለም ይላሉ?»

«የማላውቀው ሰው ቤቴ ቢገባ ስሙን አላውቅም፤ ወንድሜ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። የወረዳው ሰው አልሳቀም። ወደ ዳኘው ዞር ብሎ «ባለሙያው ምን ይላል?» አለ። ዳኘው የመርጫውን ማንገቻ አስተካከለ። «ትዕዛዙ መጥቷል» አለ። የተጠየቀው ስለ ትዕዛዙ አልነበረም።

አስካለ አንድ ትል ብቻ ከመሬት አንሥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከደኑ ወጣች። ዳኘው ስታነሣው አይቷታል። ቆሞ አያት፣ ከዚያ ፓምፑን መታ።

ስለ ንቦቹ ብዙ አልጽፍም። በማግስቱ ከቀፎዎቹ በታች ተከምረው ነበር፤ ሌሎቹ በመንገዱ ላይ እየተሽከረከሩ ነበር። ቄሰ ገበዝ ውቤ በእጃቸው እያፈሱ ወደ ሰፌድ ይሰበስቧቸዋል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ይስማው መጥቶ «አባ፣ እግዚአብሔር ይተካልዎት» አላቸው።

ቄሰ ገበዝ ቀና ሳይሉ «ይስማው፣ ለኪዳነ ምሕረት የዘንድሮውን ጧፍ ከወዴት እንደምታመጣው ከአሁኑ አስብበት» አሉት።

ከዚያ ደኑ ተመነጠረ። እንጨቱ ለማገዶ ተከፋፈለ፤ ቦታው ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ። የታቦት የሚባለውን ደን የቆረጡት ሰዎች ሲቆርጡ አማትበው ነው የቆረጡት። ብሳና ማገዶው ይጨሳል፤ በዚያ ወር መንደሩ በሙሉ ሲያስል ነበር።

አስካለ ትሉን በአሮጌ እንስራ ውስጥ አፈር ሞልታ አስቀመጠችው፤ አፉን በቀጭን ጨርቅ ሸፈነችው። ትሉ በማግስቱ ወደ አፈሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። እሷ ግን በጋውን ሙሉ አፈሩ እንዳይደርቅ ውኃ በጣቶቿ ትረጭለት ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እንስራውን ነው።

«ሞቶ ቢሆንስ?» አልኋት አንድ ቀን።

«አላውቅም» አለች። «እስኪ እንየው።»

ነገር ግን ሰው አፍ አለው። ውኃ የምትቀዳላት ሴት ያየችውን ለጎረቤት ተናገረች፤ ጎረቤት ለገበያ ተናገረ። «ቲቸር ትል ትቀልባለች» ተባለ። ከዚያ «ተምች ታረባለች» ሆነ። በሬዋ የታመመባት አንዲት ሴት በአስካለ ደጅ ስታልፍ ፊቷን ሸፈነች። ተማሪዎቿ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትል ሣሉባት፤ አስካለ ሥዕሉን አይታ «እሾሁን አሳንሳችሁታል» ብላ አስተካክላ ትምህርቷን ቀጠለች። ሲያስቃት አይቻለሁ። ማታ ቤቷ ስገባ ግን ራት ሳትበላ ተቀምጣ የምትገኝበት ጊዜ ነበር። የሚያናድዳት ስሟ መጥፋቱ አልነበረም። «ዳኘው በየቀኑ በደጄ ያልፋል» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ምን እንደማረባ ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር።»

ዝናብ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ገና ሲነጋ በሬን አንኳኳች። እንዲህ ፊቷ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ተከትያት ሄድሁ። ከእንስራው አፍ ላይ ጨርቁን ይዞ የተንጠለጠለ ነገር ነበር። ክንፉ ገና እርጥብ ነው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቀስ እያለ ተዘረጋ፤ ከመዳፌ ሰፋ። መልኩ የደረቀ ቅጠል መልክ ነው፤ የኋላ ክንፎቹ ላይ ግን በጥቁር የተከበቡ ሁለት ብርቱካናማ ዓይኖች አሉ።

«የእሳት እራት ነው» አለች። «መብራት ላይ ከሚመጡት ትንንሾቹ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ይህ ግን ከደን የማይወጣው፣ በሌሊት የሚበረው ትልቁ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ የወገኖቹን ሥዕል አይቻለሁ። እይው፣ አፍ የለውም። ትል ሳለ በበላው ነው የሚኖረው። እንቁላሉን ብሳና ላይ ጥሎ ይሞታል።»

«ስሙስ?»

«ስሙን አሁንም አላውቅም። ምን እንደሆነ ግን ይኸው።» ወደ ደኑ በኩል ዞራ «የሚጥልበት ብሳና የለም እንጂ» አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ነበር። በዚያ ዘመን ግምገማ ማለት ምን እንደሆነ ላልደረሰበት ሰው፦ ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል፤ አንዱ ተነሥቶ በራሱ ላይ ይናገራል፤ ሌሎቹ በእሱ ላይ ይናገራሉ፤ በመጨረሻው ላይ ከሥራው የሚነሣ ይነሣል፣ የሚዛወር ይዛወራል። አስካለን ወደ ዱርቤቴ የላካት ይህ ግምገማ ነው። እኔ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ሰብሳቢው ያ ደኑ ውስጥ ድንጋይ ላይ የቆመው የወረዳ ሰው ነው። ይስማውና ዳኘው ከቀበሌው ተጠርተው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«መምህርት አስካለ» አለ ሰብሳቢው። «የቀረበብዎት ሕዝቡን ከዘመቻ ማደናቀፍና በቤትዎ ተምች ማርባት ነው። ግለ ሂስዎን ያቅርቡ።»

አስካለ ጎንበስ ብላ ከወንበሯ ሥር የስፌት ክዳን ያለው ቅርጫት አወጣች። ሄዳ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ከፈተችው። የእሳት እራቱ በቅርጫቱ ጎን ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። በጃንጥላዋ ጫፍ በቀስታ ነካ አደረገችው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለቱ ዓይኖች ወጡ። ሰብሳቢው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከኋላ ያሉት መምህራን ለማየት ተነሡ።

«ይህ ወፍ ነው» አለ ይስማው።

«እንግዲያው ወፍ አርብታለች ብላችሁ ጻፉ» አለች አስካለ። ጥቂቶች ሳቁ።

ከዚያ ወደ ፊት ወንበሩ ዞረች። «ዳኘው፣ ና እስኪ እየው።»

ዳኘው ተነሣ። መጥቶ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አየው። ከተቀመጥሁበት ፊቱ በደንብ ይታየኝ ነበር፤ ያየውን ነገር እንዳወቀው አውቄአለሁ። አንድ አፍታ ልጅነቱ ተመልሶ ነበር።

«ከደኑ ያነሣሁት ትል ነው» አለችው። «ሳነሣው አይተኸኛል። አፈር ገባ፤ ይኸው ወጣ። ምንድን ነው?»

ዳኘው ዓይኑን ከቅርጫቱ አላነሣም።

«አላውቅም ማለትም ይቻላል» አለች ዝግ ብላ። «ነጥብ አለው።»

ከእሷ ተምረው መምህር ከሆኑት መካከል አንዱ ፈገግ አለ። ዳኘው ቀና ብሎ ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል።

«ተምች ነው» አለ ዳኘው።

አስካለ የቅርጫቱን ክዳን መለሰች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቅርጫቱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጃንጥላዋን አንሥታ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወጣች።